ከበርሜሉ በኋላ የተለካ ትኩሳት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው አቶ በላቸው ናቸው፤ በጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስል ጠራጊ ድሬሰር ሆነው አገልግለው በኋላ በአቃቂ የአንድ ጆንያ ፋብሪካ ክሊኒክ ኃላፊ የሆኑ ጥብቅ ሰው። ሁለተኛው ሸምሱ ነው፤ ከስልጤ መጥቶ በፋብሪካው በር ላይ የቆርቆሮ ሻይ ቤት የከፈተ። ሦስተኛዋ ሲስተር አስካለ ናት፤ ማክሰኞና ዓርብ ከከተማው ሆስፒታል ወደ እኛ ክሊኒክ የምትመጣ ነርስ። አራተኛው ቱፋ ነው፤ ከዱከም ማዶ ካለ የገበሬ ቤት ወጥቶ በጆንያ መሸመኛ ማሽን ላይ የቆመ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ሰው። አምስተኛው እኔ ተስፋዬ ነኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ራሴን መጨረሻ ላይ የጻፍሁት አፍሬ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው እሑድ የሆነ ነገር ነው። የልጅ ልጄ ሰናይት ነርስነት ትማራለች። ገላን ኮንዶሚኒየም ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ ትለማመድብኝ ጀመር። ግፊቴን ለካች፣ ትኩሳቴን ለካች፣ የልብ ምቴን ቆጠረች። ከዚያ ስልኳ ጮኸ፤ አብራት የምትማር ጓደኛዋ ነበረች። ስለሚሞላው ቅጽ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ትንፋሹን ሃያ ብለሽ ሙይው በቃ» አለች እየሳቀች። «ማን ያየዋል? እኔም የአባባን እንደዚያው ነው የሞላሁት።»

ጮህሁባት። ልጄ ምን ሆናችሁ ብሎ ከመኝታ ቤት ወጣ።

«አባባ፣ አንድ ቁጥር እኮ ነው» አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ደግሞም ደህና ነዎት።»

እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በቁጣ ነው። ቁጣዬ ከልክ ያለፈበት ጊዜ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ግን ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ያስረዳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለዚህኛው ቁጣ ምክንያቱን መናገር አለብኝ።

በጃንሆይ ዘመን አቃቂ ከአዲስ አበባ ተለይታ የቆመች የባቡርና የፋብሪካ ከተማ ነበረች። ከባቡር ጣቢያው እስከ ወንዙ ያለው መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ጠዋት የፋብሪካዎቹ ፉጨት ተራ በተራ ሲጮህ መንገዱ በሠራተኛ ይሞላል። ኅዳር ገፋ ሲል ከከተማዋ ዳር ያለው ጥቁር መሬት በሽምብራ ይሸፈናል፤ ሴቶች እሸቱን ከነሥሩ ነቅለው፣ በእስር በእስር አድርገው በየፋብሪካው በር ይሸጣሉ። እየፈለፈልን ወደ ሥራ እንገባለን። የሽምብራ ቅጠል ጣት ላይ የሚተወው ጨው ጨው የሚል ጣዕም አለ፤ ጣታችንን እየላስን ነበር የመግቢያ መዝገቡን የምንፈርመው። የእኛ ፋብሪካ ዛሬ የለም፤ በቦታው መጋዘን ቆሟል።

እኔ ወደ ክሊኒኩ የገባሁት በጽዳት ሠራተኛነት ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም። አንድ ቀን አሮጌ የመድኃኒት ሣጥኖች ሳራግፍ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ የነርስነት መጽሐፍ አገኘሁ። ከመዝገበ ቃላት ጋር ሁለት ዓመት አነበብሁት፤ አንዳንዱን ገጽ አሥር ጊዜ። አቶ በላቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቆይተው ግን ቴርሞሜትር ማንበብ፣ ቁስል መጥረግ፣ መርፌ መቀቀል አሳዩኝ፤ በመጨረሻም ረዳት ድሬሰር አድርገው ነጭ ጋዋን አለበሱኝ። ልጆቼ «አባባ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው» እያሉ ለሰው ያወራሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ራሱን የሚያስተምር ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ ያልወደደውን ዓረፍተ ነገር ዘልሎ ሲያልፍ «ተመለስ» የሚለው መምህር የለውም።

በበሽተኛው ካርድ ላይ አራት ዓምድ ነበር፤ ትኩሳት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ውሳኔ። ውሳኔውን የሚወስነው ግን ትኩሳቱ ብቻ ነበር። ሠላሳ ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ማሽን ነው። ምቱን ሩብ ደቂቃ ቆጥረን በአራት እናባዛለን። ትንፋሽን ግን ቆጥረን አናውቅም። በመጀመሪያው ሰሞን አቶ በላቸውን ጠይቄአቸው ነበር።

«ትንፋሽ?» አሉኝ ቀና ብለው። «ሰውየው በእግሩ መጥቷል አይደል? እንግዲያው ይተነፍሳል። ሃያ በል።»

ሃያ አልሁ። የዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ሽማግሌውም አስም ያለበትም፣ በእኛ ካርድ ላይ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ይተነፍስ ነበር።

ሠራተኛው ደግሞ ሞኝ አልነበረም። ሸምሱ ቤት «የፈቃድ ሻይ» የሚባል ነገር ነበር። ከእሳት እንደ ወረደ ይቀዳል፤ የመጨረሻውን ጉንጭ አፍ ውስጥ ይዞ እስከ ክሊኒኩ በር መራመድ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ወዲያው ሽቅብ ይወጣል።

«ሸምሱ፣ አንድ የፈቃድ ሻይ!»

«የግማሽ ቀን ነው የሙሉ ቀን?» ይላል ሸምሱ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

ፈቃድ ሲበዛ ሥራ አስኪያጁ አቶ በላቸውን ተቆጣ። አቶ በላቸው እኔን ተቆጡ። እኔም መፍትሔ አገኘሁ። በክሊኒኩ ደጅ ውኃ የምናጠራቅምበት በርሜል ነበር። ቴርሞሜትር ከመግባቱ በፊት ማንም ሰው ከዚያ በርሜል በጣሳ እየቀዳ ሦስት ጊዜ ይጉመጥመጥ አልሁ። በጥቂት ቀን ውስጥ ትኩሳት ያለው ሰው ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ ጨበጠኝ። ሠራተኞቹ «ዶክተር በርሜል» የሚል ስም አወጡልኝ፤ በአፌ ብቆጣም በልቤ ኮራሁ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። መጽሐፉ በሽተኛው ሙቅም ሆነ ቀዝቃዛ ነገር አፉ ካደረገ ቴርሞሜትር ከማስገባቴ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል እንድጠብቅ ይነግረኝ ነበር። አንብቤዋለሁ። በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ሙቅ የሚለውን ወሰድሁ፤ ቀዝቃዛ የሚለውን ተውሁት። ሩብ ሰዓት መጠበቅ ሰልፉን ያስረዝመዋል፤ በርሜሉ ግን ሥራውን ወዲያው ይሠራል።

በርሜሉ አራት ወር አገለገለ። ከዚያ አንድ የኅዳር ረቡዕ ጠዋት ቱፋ መጣ። ሌሊቱን ውርጭ ስለ ነበረ የጣሳው እጀታ ጣት ይቆርጥ ነበር። ቱፋ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ክሊኒክ ገብቶ አያውቅም። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሻሸ ቆመ።

«ዶክተር፣ ጎኔን ይወጋኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ወዲያ። ስስል ይብስብኛል።»

«እዚህ የማይስል ማን አለ?» አልሁት። የቃጫው ብናኝ ሁላችንንም ያስለን ነበር። ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ፤ አንዱም «ቱፋ፣ በደንብ ተጉመጥመጥ! ዶክተር በርሜል ጉሮሮህ ድረስ ነው የሚፈትሽህ» አለ።

ያን ጊዜ ያላስተዋልሁት ነገር አለ። ከፈቃድ ሻይ ጠጪዎቹ አንዳንዶቹ ውሎ አድሮ ለበርሜሉ መላ አግኝተውለት ነበር፤ ውኃውን ከንፈራቸውን አስነክተው ይተፉታል። ቱፋ ግን የታዘዘውን አደረገ። ጣሳውን ሞልቶ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ፤ እያንዳንዱንም ጉንጭ አፉ ውስጥ አቆይቶ ነው የተፋው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብርዱ ነው አልሁ። ሥርዓቴ የያዘው አታላዩን አልነበረም፤ የያዘው እሺ ባዩን ነበር።

ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሰባት ከሁለት አሳየ። ምቱን ልቆጥር እጁን ስይዝ ቆዳው ይፋጃል። ሩብ ደቂቃ ቆጠርሁ፤ ሠላሳ አንድ። በአራት ሲባዛ መቶ ሃያ አራት። ሮጦ መጥቶ ይሆናል ብዬ ጻፍሁት። ትንፋሽ፣ ሃያ። ውሳኔ፣ ወደ ሥራ።

«ትኩሳት የለህም» አልሁት።

ቴርሞሜትሩን አየ፤ እኔን አየ። «እንግዲህ ከሌለኝ ጥሩ ነው» አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት አልቻልሁም። የሌላ ሰው ቁስል እየጠረግሁ የቱፋ እጅ ሙቀት ጣቴ ላይ ይሰማኛል። ካርዱን አውጥቼ አየሁት፤ መለስሁት፤ እንደገና አወጣሁት። ሠላሳ ሰባት ከሁለትና መቶ ሃያ አራት አብረው የሚኖሩ ቁጥሮች አይደሉም። አንደኛው ይዋሻል። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ፈራሁ፤ ምክንያቱም የጋዋኔ ክብር በሙሉ በአንደኛው ላይ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ሸምሱ ቤት ገባሁ።

«ያ ቱፋ ፈቃድ አገኘ?» አለኝ ሸምሱ ብርጭቆ እያለቀለቀ።

«ትኩሳት የለውም።»

ሸምሱ እጁን ከውኃው አወጣ። «የለውም? ወላሂ፣ ጠዋት እዚህ ሲቀመጥ አግዳሚ ወንበሩ አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር! ሻይ ልቅዳልህ፣ ያሙቅህ ብለው እምቢ አለኝ። ሻይ ጠጥቼ ብገባ እንደ ሌሎቹ ላታልል የመጣሁ እመስላለሁ አለ። አንተን ፈርቶ እኮ ነው።»

የቀዳልኝን ሳልነካው ወጣሁ። ክሊኒኩ ደጅ ስደርስ ጣሳውን አነሣሁና እንደ ቱፋ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጥሁ፤ ወዲያው ቴርሞሜትሩን ምላሴ ሥር አደረግሁ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሦስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ሠላሳ አምስት ከስድስት። እኔ ጤነኛ ነበርሁ። ይህን ያህል ከእኔ ከቀነሰ ከቱፋ ስንት ቀንሶ ይሆን? አራት ወር ሙሉ በገዛ ሥርዓቴ ላይ ይህን የሦስት ደቂቃ ፈተና አላደረግሁም።

ለአቶ በላቸው ቴርሞሜትሩን አሳየኋቸው። «በርሜሉ ያሳስታል። ቱፋ ሠላሳ ዘጠኝ ሳይኖረው አይቀርም» አልኋቸው።

ቴርሞሜትሩን ከእጄ ተቀብለው አራገፉት። «አንተ ልጅ፣ ይህን ለማን ተናግረሃል?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እዚሁ ይቅር። ከነገ ወዲያ ሲስተር አስካለ ስትመጣ ታየዋለች። ካርዱ ተፈርሟል። ዛሬ ተሳስተን ነበር ብንል፣ አራት ወር ሙሉ የመለስናቸው ሁሉ ምን ይሉናል?»

አቶ በላቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስድስት ልጆች ያሳድጉ ነበር። የእኔን ድርሻ በእርሳቸው ላይ አልጭንም። እሺ ብዬ ተቀመጥሁ። መርፌ ቀቀልሁ። ፋሻ ጠቀለልሁ። አንድ ሰዓት የሚያህል ጊዜ እንዲህ አለፈ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማወቅ ያለብኝን አውቄ ነበር። ሰው ሳያውቅ ለሠራው ስህተት ይቅርታ ይለምናል። ለዚያች አንድ ሰዓት ግን ምን ብዬ እንደምለምን እስካሁን አላገኘሁም።

በመጨረሻ የኪስ ሰዓቱን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ የቱፋንም ካርድ ይዤ ወደ መሸመኛው አዳራሽ ሄድሁ። ከማሽኖቹ ጩኸት የተነሣ ሰው አጠገቡ ያለውን አይሰማም። ቱፋ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ ቆሟል። ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ አፍንጫው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይርገበገባል። ጆንያ ክምር ላይ አስቀመጥሁትና ዓይኔን ከደረቱ ሳላነሣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ትንፋሽ ቆጠርሁ። አርባ አራት።

ጓደኞቹ ተሰበሰቡ። «አስተኙት!» ይላል አንዱ፤ «ውኃ አፍስሱበት!» ይላል ሌላው።

«አታስተኙት! ውኃም እንዳታስነኩት!» ብዬ ጮህሁ። ሳንባው የታመመ ሰው ሲጋደም ትንፋሹ ይብስ እንደሚያጥረው መጽሐፉ ነግሮኝ ነበር። ጀርባውን በጆንያ ደግፈን ቁጭ አደረግነው፤ ቀበቶውን ፈታሁለት፤ አንዱ ጋቢውን ደረበለት። ጆንያ የጫነ ፊያት መኪና ወደ ከተማ ሊወጣ በር ላይ ቆሞ ስለ ነበር ተሸክመን ወሰድነው።

ዘበኛው ካርዱን ጠየቀ። «ወደ ሥራ ይላል እኮ» አለ። «በሥራ ሰዓት እንዲህ ባለ ካርድ ማንንም አላስወጣም።»

እውነቱን ነው፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ብዕሬን አውጥቼ ሃያን ሠረዝሁ። ከጎኑ ጠዋት ትንፋሹን እንዳልቆጠርሁ፣ ትኩሳቱም በስህተት እንደተለካ፣ አሁን ትንፋሹ አርባ አራት እንደሆነና ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት ጽፌ ስሜን ከነአባቴ ፈረምሁ። አቶ በላቸው ከክሊኒኩ በር ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ዘወር ብለው ገቡ፤ ጨርሰው የተዉኝ መሰለኝ። ተመልሰው ሲመጡ የገዛ ካፖርታቸውን ይዘው ነበር። ወደ መኪናው ወረወሩት።

ከኋላ ጆንያው ላይ ሆኜ ቱፋን ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝሁት። ገና ከመውጣታችን የባቡሩ ማቋረጫ ተዘጋ። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው የጭነት ባቡር ነበር፤ ፉርጎው አያልቅም። ሰዓቱን ይዤ የቱፋን ትንፋሽ ቆጠርሁ፤ አርባ ስድስት። ቃሊቲ ኬላ ላይ ደግሞ የጋሪና የከብት ሰልፍ ነበረ፤ አርባ ስምንት። ሾፌሩ እየወረደ ይሳደባል፣ እየወጣ ጥሩምባ ይነፋል። እኔ በየጥቂት ደቂቃው እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል እጨነቃለሁ፤ አንዴ ዝቅ ሲል ደግሞ ደክሞት እንዳይሆን ብዬ የባሰ እጨነቃለሁ። ደጋግሜ አፍንጫው ሥር መዳፌን አደርግ ነበር።

«ዶክተር» አለኝ ቱፋ፣ ቃሉን በሁለት ትንፋሽ ከፍሎ። «ትኩሳት የለህም ብለኸኝ ነበር።»

«ተሳስቼ ነው፤ አለህ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ እኮ ሳይኖረኝ እንዲህ የሚያቃጥለኝ ምንድን ነው ብዬ... ራሴን ሰነፍ ነህ አልሁት።»

ከእርሱ የሰማሁት ወቀሳ ይህ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እናቱን በኦሮምኛ መጥራት ጀመረ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ሲስተር አስካለን አስጠራኋት። እየሮጠች መጣች፤ አልጋውን ከራስጌው ከፍ አስደረገች፣ ኦክስጅንና ፔኒሲሊን አዘዘች፤ ይህን ሁሉ እያደረገች ትጠይቀኛለች።

«ትንፋሹ?»

«አርባ ስምንት።»

«ጠዋትስ?»

«አልቆጠርሁም። ሃያ ብዬ ጻፍሁ።»

«ለምን ሃያ?»

«ሁላችንም ሃያ ነው የምንለው።»

ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እርሷ ግን ጣቷን የቱፋ ምት ላይ አደረገች። «እኔም ካርዶቹን በየሳምንቱ አያቸው ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁሉም ሃያ ሲሆን ምነው ብዬ አልጠየቅሁም።»

ቱፋ አልሞተም። ግን ሁለት ወር ተኛ፤ ከጎኑ መግል ተቀዳለት፤ የቀኝ ሳንባው እንደ ቀድሞው ሳይሆን ቀረ። ማሽን ላይ ስምንት ሰዓት መቆም ስላልቻለ ፋብሪካው አሰናበተው። ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ፤ ወንድሙ ሲያርስ እርሱ ከብት ይጠብቅ ነበር። ልጠይቀው ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። አቀበቱን ሲወጣ በየመሐሉ ይቆማል፤ የቆመው እህሉን ለማሳየት እንዲመስለኝ በእጁ ወደ ማሳው ይጠቁማል።

ዛሬ በሰማንያ ዓመቴ ተቀምጬ የሁላችንንም ስደምር እንዲህ ይመጣል። ቱፋ ሳንባውንና ሥራውን ከፈለ። ሲስተር አስካለ ጥፋቱን በራሷም ላይ ጽፋ ለአለቆቿ አቀረበች፤ ወደ ፋብሪካችንም ዳግመኛ አልተላከችም። አቶ በላቸው ከክሊኒኩ ተነሥተው የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኑ፤ እስከ ጡረታቸው ድረስ ሰላምታዬን በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ ይመልሱ ነበር። ሸምሱ ምንም አላጠፋም፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሻይ ነው ተብሎ ሻይ ቤቱ ከበሩ ላይ ተነሣ። የእኔን ጋዋን አወለቁልኝና ወደ መጥረጊያዬ ተመለስሁ፤ ፈተና ወስጄ እንደገና ድሬሰር እስክሆን አራት ዓመት ፈጀብኝ። ይህ የሚገባኝ ነበር፤ ከሁሉም ያነሰ የከፈልሁት እኔ ነኝ።

ድምሩ ግን እዚህ ላይ አያልቅም። ጋዋኔን ከማውለቄ በፊት የአራቱን ወር ካርዶች አንድ በአንድ አገላብጬ ነበር። በእነዚያ ወራት ውስጥ እውነተኛ ትኩሳት ይዘው መጥተው፣ በርሜሉ ያበረደባቸው፣ ወደ ማሽናቸው የመለስኋቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ከመካከላቸው ዳግመኛ ያላየኋቸው አሉ፤ ሥራ ቀይረው ይሁን፣ አገራቸው ገብተው ይሁን፣ ሞተው ይሁን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስንት እንደ ነበሩ ልቆጥር ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። በሁሉም ካርድ ላይ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ ጤነኞች ናቸው።